አልቲያ ጊብሰን፤ ከሐርለም ጎዳና እስከ ዊምብልደን ሜዳ

በፈረንጆች አቆጣጠር ጁላይ 6 ቀን 1957፣ በእኛ ሰኔ 29 ቀን 1949 ዓ. ም. መሆኑ ነው፤ በሎንዶን ከተማ ዳርቻ በሚገኘው በዊምብልደን የቴኒስ ሜዳ አንዲት ረዥም ጥቁር ሴት ለእንግሊዝ ንግሥት ለዳግማዊት ኤልሳቤጥ እጅ ነሥታ የአሸናፊነቱን ሽልማት ከእጃቸው ተቀበለች። ይህች ሴት አሜሪካዊቱ ወይዘሪት አልቲያ ጊብሰን ስትሆን፣ በዚያ ዕለት ያገሯን ልጅ ዳርሊን ሃርድን 6 ለ 3 እና 6 ለ 2 በሆነ ውጤት ድል አድርጋ ነበር። የዊምብልደን ውድድር ከተጀመረበት ከ1877 ዓ. ም. አንሥቶ በ80 ዓመት ውስጥ አንድ ጥቁር ሰው በነጠላ ጨዋታ ሲያሸንፍ ይህ የመጀመሪያው ነው። (ከዚህ በኋላ ዓመቱን ሁሉ የምንጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር መሆኑን አንባብያን ይገንዘቡልን።)

በዊምብልደን ለሴቶች የሚሰጠው ሽልማት በተለምዶ ዋንጫ ይባል እንጂ በእውነቱ ያጌጠ የብር ሳህን ነው። ከዚህ ሳህን ጋር ደግሞ በዚያ ዘመን አንዲት ሳንቲም እንኳ አይሰጥም ነበር። እኛም የወይዘሪት ጊብሰንን ታሪክ ለዚህ የቤተ ሰብ ገጽ የመረጥነው ስለ ሳህኑ ክብር ብቻ አይደለም። ሳህኑ እስኪገኝ ድረስ ስንት ሰው እጁን እንደ ዘረጋላት፣ ከተገኘም በኋላ ባለቤቲቱ በምን እንደ ኖረች መመልከት ይገባል ብለን ነው።

አልቲያ የተወለደችው ኦገስት 25 ቀን 1927 ዓ. ም. በደቡብ ካሮላይና ግዛት፣ ሲልቨር በምትባል ትንሽ መንደር ነው። አባቷ ዳንኤልና እናቷ አኒ በሰው መሬት ላይ ጥጥ እየዘሩ ምርቱን ከባለ መሬቱ ጋር የሚካፈሉ እኩል አራሾች ነበሩ። እኩል አራሽነት ምን እንደ ነበረ አያቶቻቸው ያጫወቷቸው አንባብያን ዝርዝሩን ሳንነግራቸው ያውቁታል። የኑሮው ጭንቀት እየበረታ በሄደ ጊዜ ቤተ ሰቡ በ1930 ዓ. ም. ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ሰሜን፣ ወደ ኒው ዮርክ ከተማ ተሰደደና ጥቁሮች በብዛት በሚኖሩበት በሐርለም ሠፈር ተቀመጠ።

ልጅቱ በሐርለም ስታድግ የወላጅ ልብ የምታሳርፍ አልነበረችም። ከትምህርት ቤት ትጠፋለች፤ ሲኒማ ቤት ትውላለች፤ አባቷ እንዳይገርፋት ፈርታ ሌሊቱን ሙሉ በምድር ውስጥ ባቡር ስትመላለስ የምታድርበት ጊዜም ነበር። አባቷ ኃይለኛ ሰው ስለ ነበር በትር አያርፍም፤ በዚህም ምክንያት አንድ ጊዜ ለተጎሳቆሉ ልጆች መጠጊያ ወደ ተዘጋጀ ቤት ሸሽታ ገብታለች። የሚያስገርመው ግን፣ ይኸው አባት ልጁ ራሷን እንድትከላከል ብሎ ቦክስ አስተምሯታል። ትምህርቱን እንደ ተወችም ለዕለት ጉርሷ ያልሠራችው ሥራ የለም። ከነዚህም አንዱ በሥጋ ቤት ዶሮ ማጽዳትና መበለት ነበር።

ቤተ ሰቡ የሚኖርበት 143ኛው መንገድ፣ የኒው ዮርክ ፖሊሶች የስፖርት ማኅበር ለልጆች መጫወቻ እንዲሆን ለመኪና ከሚዘጋቸው መንገዶች አንዱ ነበር። በዚያ አስፋልት ላይ በኖራ መስመር ተሠምሮ፣ ልጆች አጭር የእንጨት መምቻ ይዘው ከቴኒስ ያነሰ፣ እርሱን የመሰለ ጨዋታ ይጫወቱ ነበር። ከቤት እንደ ወጡ የሚገኝ ሜዳ ስለ ሆነ አልቲያ ቀኑን ሙሉ ከዚያ አትለይም። በ1939 ዓ. ም. 12 ዓመት ሲሆናት በዚሁ ጨዋታ የከተማው የሴቶች ሻምፒዮን ሆነች። ይህን ያየ ቡዲ ዎከር የሚባል፣ ማታ ማታ ሙዚቃ እየተጫወተ በበጋ ልጆችን የሚያጫውት ሰው፣ ያገለገለ የቴኒስ ራኬት ገዝቶ ሰጣት። የሠፈሩም ሰዎች ካላቸው አዋጥተው በሐርለም ጥቁሮች ያቋቋሙት የኮስሞፖሊታን የቴኒስ ክበብ አባል አደረጓት። በዚያ ያስተማራት ፍሬድ ጆንሰን የሚባል አንድ እጅ ብቻ ያለው አሠልጣኝ ነበር።

ክበቡ የተከበሩ ሰዎች የሚሰበሰቡበት ስለ ነበር ነጭ ልብስ መልበስ፣ ለተጋጣሚ እጅ መንሣት፣ ሲሸነፉም ፊትን አለማጥቆር የግድ ነው። ከመንገድ የመጣችው ልጅ ግን ይህን ሁሉ ባየች ጊዜ መጀመሪያ ሳቋ መጣ። የጨዋታው ሥርዓት ቦክስ አለመሆኑን ለመቀበል ብዙ ጊዜ ፈጅቶባታል። እኛ እንደሚመስለን ግን ያ የመንገድ ልጅ እልህ ፈጽሞ ቢጠፋ ኖሮ ከሐርለም ባልወጣችም ነበር።

በዚያን ጊዜ በአሜሪካ ጥቁሮችና ነጮች አብረው የሚጫወቱበት ሜዳ እምብዛም አልነበረም። ጥቁሮቹ በ1916 ዓ. ም. ያቋቋሙት የራሳቸው የቴኒስ ማኅበር ነበራቸው። አልቲያ በ1944 እና በ1945 ዓ. ም. የዚህ ማኅበር የልጃገረዶች ሻምፒዮን ሆነች። በ1946 ዓ. ም. ከአዋቂዎቹ ጋር ለዋንጫ ደርሳ ብትሸነፍም፣ ጨዋታውን ይመለከቱ የነበሩ ሁለት ጥቁር ሐኪሞች ዐይናቸውን ጣሉባት። አንደኛው በቨርጂንያ ግዛት በሊንችበርግ ከተማ የሚኖሩት ዶክተር ዎልተር ጆንሰን፣ ሁለተኛው በሰሜን ካሮላይና ግዛት በዊልሚንግተን የሚኖሩት ዶክተር ሂዩበርት ኢተን ነበሩ። ዶክተር ጆንሰን ኋላ በ1975 ዓ. ም. የዊምብልደን ሻምፒዮን የሆነውን አርተር አሽን ያሠለጠኑት ሰው ናቸው። ሁለቱ ሐኪሞች እርስ በርሳቸው ተማክረው፣ ልጅቱ የትምህርቱን ጊዜ በኢተን ቤት፣ የበጋውን ዕረፍት በጆንሰን ቤት እንድታሳልፍ፣ ልብሷንና ቀለቧንም እንዲችሉ ተስማሙ።

ይህ ለቤተ ሰብ አንባብያን ልናሰፋው የሚገባ ነገር ነው። አንዲት የ19 ዓመት ወጣት፣ ለራሷ ማደርና እንደ ልቧ መዋል የለመደች፣ ወደማታውቀው ሰው ቤት ትገባለች። በዚያ ቤት የራት ሰዓት አለ፤ የመኝታ ሰዓት አለ፤ የቤት ሥራ አለ። ትምህርቷን ከተወች ዓመታት አልፈው ስለ ነበር ከእርሷ በዕድሜ ከሚያንሱ ልጆች ጋር አሥረኛ ክፍል ተቀመጠች። ዶክተር ኢተን በግቢያቸው የቴኒስ ሜዳ ስለ ነበራቸው ከትምህርት በኋላ ትጫወታለች። ከግቢው ውጭ ግን ሌላ ዓለም ነበረ። በከተማው አውቶቡስ ላይ ነጭ ከፊት፣ ጥቁር ከኋላ እንዲቀመጥ የሚያዝ ጽሑፍ ተለጥፏል። በኒው ዮርክ ያደገችው አልቲያ ይህ ዐይነቱ ሕግ ስለ ከነከናት ትእዛዙን ባትጥስም ከኋለኛው ወንበር ይልቅ ወደ ፊት ወደሚቀርበው ትጠጋ እንደ ነበር ራሷ ተርካለች። በ1949 ዓ. ም. የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቷን ፈጽማ በፍሎሪዳ በሚገኘው የጥቁሮች ኮሌጅ ነጻ የትምህርት ዕድል አገኘች።

በ1947 ዓ. ም. የጥቁሮቹ ማኅበር የሴቶች ሻምፒዮን ሆና ነበር፤ ይህንንም ማዕርግ ለ10 ዓመት በተከታታይ ማንም አልነጠቃትም። በአሜሪካ ታላቅ የሚባለው ውድድር ግን በኒው ዮርክ ፎረስት ሂልስ የሚደረገው ነው። ወደዚያ ለመግባት አስቀድሞ በሣር ሜዳ በሚደረጉ ሌሎች ውድድሮች መታወቅ ያስፈልጋል ተባለች። እነዚህ ውድድሮች የሚደረጉት ደግሞ ጥቁር በማይገባባቸው የግል ክበቦች፣ ያውም በግብዣ ነው። እንግዲህ በሩን ያልዘጋ መስሎ በሩን መዝጋት ማለት ይህ ነው፤ ማንም ሰው “አትግቢ” ብሎ አልጻፈላትም፤ የገባችበት ግን የለም።

ይህን እንቆቅልሽ የፈታችው አንዲት ነጭ ሴት ናት። አሊስ ማርብል የአሜሪካን ሻምፒዮንነት 4 ጊዜ፣ የዊምብልደንን 1 ጊዜ ያገኘች ዝነኛ ተጫዋች ነበረች። በጁላይ 1950 ዓ. ም. በአንድ የቴኒስ መጽሔት ላይ ግልጽ ደብዳቤ አወጣች። የደብዳቤው ፍሬ ነገር ቴኒስ የጨዋ ሰዎች ጨዋታ ከተባለ የጨዋ ሥራ እንሥራ፤ ልጅቱ የምትሸነፍ ከሆነ በሜዳ ላይ ትሸነፍ እንጂ በጓዳ አትከልከል የሚል ነበር። ነገሩ ለማኅበሩ አለቆች ዐይን አፋጣጭ ሆነባቸው። አንዱ ክበብ እንቢ ቢልም ሌላው ተቀበላትና፣ በዚያው ዓመት ኦገስት 28 ቀን 23ኛ ዓመቷን በያዘች በ3ኛው ቀን በፎረስት ሂልስ የተጫወተች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ሆነች።

የመጀመሪያ ተጋጣሚዋን 6 ለ 2 እና 6 ለ 2 አሸነፈች። በማግሥቱ የገጠመቻት ሉዊዝ ብራው የዊምብልደንን ድል 3 ዓመት በተከታታይ የወሰደች ሴት ነበረች። የመጀመሪያውን ክፍለ ጨዋታ ብራው 6 ለ 1 ወሰደች፤ ሁለተኛውን አልቲያ 6 ለ 3 መለሰች። ወሳኙ ሦስተኛው ክፍል ላይ አልቲያ 7 ለ 6 እየመራች ሳለ ሰማዩ ጠቆረ፤ ነጐድጓዱም ወረደ። ክፍሉን ለመውሰድ 2 ጌም በልጦ መገኘት ስለሚያስፈልግ የቀራት አንድ ጌም ብቻ ነው። በዚያው ቅጽበት በሜዳው ግንብ ጫፍ ላይ ከቆሙት የድንጋይ ንስሮች አንዱን መብረቅ መታውና ወደ ምድር ተከሰከሰ። ጨዋታው ለማግሥቱ ተዛወረ። ይህን የመሰለ ነገር ባገራችን ቢደርስ ኖሮ ሽማግሌዎች ትርጓሜ ባላጡለትም ነበር። አልቲያ ግን ሌሊቱን ያሳለፈችው በጭንቀት ነበር፤ ጧት በጋዜጠኛ ተከብባ ሜዳ ወረደችና ብራው 3 ጌም በተከታታይ ወስዳ በ9 ለ 7 አሸነፈቻት። የማግሥቱ ጨዋታ ከሩብ ሰዓት ያነሰ ጊዜ ነው የፈጀው።

ከዚያ በኋላ ያሉት ዓመታት እንደ ታሰበው አልሆኑም። በ1951 ዓ. ም. በዊምብልደን የተጫወተች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ብትሆንም እስከ ዋንጫ አልዘለቀችም። በ1953 ዓ. ም. ከኮሌጁ ተመርቃ በሚዙሪ ግዛት በአንድ የጥቁሮች ዩኒቨርሲቲ የስፖርት አስተማሪ ሆነች። ደመወዙ ትንሽ፣ የጨዋታዋም ደረጃ ያዝ ለቀቅ ስለ ሆነ ቴኒስን ትታ በሴቶች ጦር ለመቀጠር አስባ ነበር። በዚህ መካከል ሲድኒ ለዌሊን የሚባል ከጃማይካ የመጣ የሐርለም አሠልጣኝ የራኬት አያያዟን ለወጠላት። በ1955 ዓ. ም. መጨረሻ ደግሞ የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ከሌሎች ሦስት ተጫዋቾች ጋር በወዳጅነት ጉብኝት ወደ እስያ ላካት። በአገሯ አውቶቡስ የፊት ወንበር የተነፈገች ሴት በበርማ፣ በሕንድ፣ በፓኪስታንና በሴይሎን የአገሯ እንደራሴ ሆና ታየች።

በዚህ ጉዞ፣ በሕንድ አገር፣ አንጀላ በክስተን ከምትባል እንግሊዛዊት ተጫዋች ጋር ተዋወቀች። አንጀላ አይሁዳዊት ስለ ሆነች በሎንዶን የሚገኙ ክበቦች አባልነት ይከለክሏት ነበር። ሁለቱም ከሌላው ጋር ጥንድ ሆኖ ለመጫወት የሚፈልጋቸው ሰው ስላልነበረ እርስ በርሳቸው ተጣመሩ። በ1956 ዓ. ም. በፓሪስ በተደረገው የፈረንሳይ ሻምፒዮና በጥንድ አሸነፉ፤ አልቲያም በነጠላው አንጀላ ሞርቲመርን 6 ለ 0 እና 12 ለ 10 ድል አድርጋ ከአራቱ ታላላቅ ውድድሮች አንዱን ያሸነፈች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሰው ሆነች። ጥቂት ሳምንት ቆይቶ በዊምብልደንም የጥንዱን ድል አብረው ወሰዱ። ይህን ወዳጅነት አንባቢ በልቡ ይያዝልን፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ከዚያ ወዲያ የሆነውን ዓለም ያውቀዋል። በ1957 ዓ. ም. መግቢያችን ላይ የተናገርነው የዊምብልደን ድል ተገኘ። ወደ ኒው ዮርክ በተመለሰች ጊዜ ሕዝቡ በየፎቁ መስኮት የተቀዳደደ ወረቀት እየበተነ ተቀበላት፤ ከንቲባውም የከተማውን ሜዳይ ሸለሟት። ከጥቁር አሜሪካውያን እንዲህ ያለ አቀባበል የተደረገለት ከእርሷ በፊት ሯጩ ጄሲ ኦውንስ ብቻ ነበር። በዚሁ ወር ለሌላ ውድድር ወደ ሺካጎ አጠገብ ስትሄድ ግን በአካባቢው ከሚገኝ ሆቴል ክፍል ተከለከለች። ንግሥት የጨበጡት እጅ የሆቴል ቁልፍ ሳያገኝ ቀረ ማለት ነው። በሴፕቴምበር ያንኑ ፎረስት ሂልስን አሸነፈች፤ ለዋንጫ የገጠመቻትም ከ7 ዓመት በፊት መብረቁ ያዳናት ሉዊዝ ብራው ነበረች። በ1958 ዓ. ም. ሁለቱንም ድሎች ደገመች። ባጠቃላይ በታላላቆቹ ውድድሮች 5 የነጠላ፣ 5 የጥንድና 1 የድብልቅ ድል፣ በጠቅላላው 11 አላት።

በጥቁር ጋዜጦች ዘንድ ግን አንድ ቅሬታ ይነሣባት ነበር። ስለ ጥቁሮች መብት አፍ አውጥታ አትናገርም፤ ራሷን ብቻ ትመለከታለች እየተባለች ተወቀሰች። እርሷም እኔ ቴኒስ ተጫዋች ነኝ፤ የማንም ቃል አቀባይ አይደለሁም የሚል መልስ ነበራት። ወቃሾቿን እንረዳቸዋለን፤ ዘመኑ የትግል ዘመን ነበር። ይሁን እንጂ በዚያ ሜዳ ላይ ብቻዋን የቆመችውን ሴት፣ ኳሱን ከመመለስ ሌላ ሸክም ስላልጨመረች መንቀፍ ፍርደ ገምድልነት ይመስለናል።

አሁን ወደ እንጀራው ነገር እንምጣ። በዚያ ዘመን ታላላቆቹ ውድድሮች የአማተር ብቻ ስለ ነበሩ ተጫዋች ከጉዞና ከቀለብ ወጪ በቀር ገንዘብ መቀበል አይፈቀድለትም። ባለ ጸጋ ቤተ ሰብ ያላት ተጫዋች ይህ አያሳስባትም። የእኩል አራሽ ልጅ ግን የዓለም ሻምፒዮን ሆናም የቤት ኪራይ የምትከፍለው ታጣለች። ስለዚህ በ1958 ዓ. ም. ማለቂያ፣ በኃይሏ ጫፍ ላይ ሳለች፣ ከአማተር ቴኒስ ወጣች። ሳክስፎን ከልጅነቷ ትነፋ ነበርና ዘፈን ዘፍና ሸክላ አስቀረጸች፤ በ1959 ዓ. ም. በወጣው በጆን ፎርድ ፊልም የአንዲት ባሪያ ሆና ተጫወተች፤ ባሪያዋ በተጣመመ እንግሊዝኛ እንድትናገር የተጻፈውን ግን አልናገርም ብላ አስለወጠች። ሐርለም ግሎብትሮተርስ ከሚባለው የቅርጫት ኳስ ቡድን ጋር እየተዘዋወረች ከጨዋታው በፊት ቴኒስ በማሳየት ጥሩ ገንዘብ አገኘች፤ ነገር ግን በራሷ ወጪ ያዘጋጀችው ሌላ ጉዞ ከስሮ ዕዳ ላይ ጣላት።

ከዚያ በኋላ ጎልፍ ያዘች። በ1964 ዓ. ም. በአሜሪካ የባለ ሙያ ሴቶች የጎልፍ ማኅበር የገባች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ሆነች፤ ዕድሜዋም 37 ነበር። በአንዳንድ ሜዳዎች ወደ ልብስ መለወጫው ቤት እንዳትገባ ስለሚከለክሏት ጫማዋን የምትለውጠው በመኪናዋ ውስጥ ነበር። ሜዳውን ትረግጣለች፤ ቤቱን አትረግጥም። ከዚህ ሥራ ያገኘችው ገንዘብ ብዙ አይደለም። የቴኒስ ውድድሮች ለባለ ሙያዎች የተከፈቱት በ1968 ዓ. ም. ነው። በዚያ ዓመት በዊምብልደን ለሴቶች አሸናፊ 750 ፓውንድ፣ ለወንዶቹ 2,000 ፓውንድ ተሰጠ። አልቲያ 41ኛ ዓመቷን ልትይዝ ጥቂት ሳምንት ቀርቷት ነበር።

በ1970ዎቹ አጋማሽ የኒው ጀርዚ ግዛት የስፖርት ኮሚሽነር ሆና ተሾማ ነበር፤ ሹመቱ ግን ብዙ አልቆየም። ሁለት ጊዜ አግብታ ሁለቱም ትዳር ፈርሷል፤ ሁለተኛው ባሏ የራኬት አያያዟን የለወጠላት ያው ሲድኒ ለዌሊን ነበር። እያረጀች ስትሄድ ጤናዋ ታወከ፤ ራሷ ላይ የደም መፍሰስና ድንገተኛ ሕመም ደረሰባት። ሰው እንዳያያት ቤቷን ዘጋች። በ1990ዎቹ አጋማሽ ለመድኃኒትና ለቤት ኪራይ የምትከፍለው አጥታ፣ ከሕይወትም ተስፋ ቆርጣ፣ አንድ ቀን ስልክ አነሣችና ወደ እንግሊዝ አገር ደወለች።

ስልኩን ያነሣችው አንጀላ በክስተን ናት። በጥንድ ሆነው ካሸነፉ 40 ዓመት ሊሞላ ነው። አንጀላ ወዲያው ኪራዩንና መድኃኒቱን ከራሷ ከፈለች። ቀጥላም ለአልቲያ ሳትነግር፣ ሻምፒዮኗ በምን ዐይነት ችግር ላይ እንዳለች የሚገልጽ ደብዳቤ በአንድ የቴኒስ መጽሔት እንዲወጣ አደረገች። ብትነግራት ኖሮ አልቲያ እንቢ እንደምትል ታውቅ ነበር፤ ኩራቷን ከማንም ይልቅ የምታውቀው እርሷ ነበረች። ከዚያ በኋላ ከልዩ ልዩ አገሮች ገንዘብ የያዙ ፖስታዎች ይጎርፉ ጀመር፤ ተጠራቅሞም ወደ 1,000,000 ዶላር ተጠጋ። የሐርለም ጎረቤቶቿ በ1940ዎቹ መጀመሪያ ለክበብ መግቢያ እንዳዋጡላት፣ በስተርጅና ዓለም አዋጣላት።

ወይዘሮ አልቲያ ጊብሰን ሴፕቴምበር 28 ቀን 2003 ዓ. ም. በ76 ዓመቷ በኒው ጀርዚ ዐረፈች። ከእርሷ በኋላ የዊምብልደንን የሴቶች ነጠላ ያሸነፈች ጥቁር አሜሪካዊት ለማየት ከ1958 እስከ 2000 ዓ. ም.፣ እስከ ቪነስ ዊልያምስ ድረስ 42 ዓመት ፈጅቷል፤ አልቲያም ይህን በሕይወቷ ሳለች ለማየት በቅታለች። በ2019 ዓ. ም. የአሜሪካ ሻምፒዮና በሚደረግበት በኒው ዮርክ ሜዳ ሐውልት ቆመላት፤ ወዳጇ አንጀላ በተከታዩ ዓመት ሞተች። በልጅነቷ በእንጨት መምቻ የተጫወተችበት 143ኛው መንገድም በስሟ ተሰይሟል። በ2025 ዓ. ም. ደግሞ የአሜሪካ መንግሥት ምስሏን በ25 ሳንቲም ገንዘብ ላይ ቀረጸው።